የድምፅ ማጠፊያው መዘውርና የኪቦርድ ንግድ በጎንደር

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የሠርግ ወራት በቀረበ ቍጥር ተፈላጊነታቸው ከሚጨምር ዕቃዎች አንዱ ኪቦርድ እየተባለ የሚጠራው የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ መሆኑ ለማንም ባለ ሱቅ የተሰወረ አይደለም። ከጥምቀት ማግሥት አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ፣ እንደገናም ከፋሲካ በኋላ፣ በየዳሱና በየአዳራሹ አንድ ሙዚቀኛ ኪቦርዱን በማቆሚያ ላይ ዘርግቶ፣ ሁለት የድምፅ ማጉያዎች በግራና በቀኝ አቁሞ፣ ቀድሞ ስድስትና ሰባት ሰዎች ይሠሩት የነበረውን ሥራ ብቻውን ሲሠራ ይታያል። መሣሪያው ለዚህ ሰው ጌጥ አይደለም፤ በሬ ለገበሬ እንደ ሆነው ሁሉ የእንጀራው ማግኛ ነው። ስለዚህም ከሱቅ ገዝቶት የሄደው ኪቦርድ በሠርጉ ሌሊት ቢያሳፍረው፣ የሚያጣው የዕለቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ሠርግ ጭምር ነው፤ ዕቃውን የሸጠለት ነጋዴም ያንኑ ያህል ስሙን ያጣል።

እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ሱቁ ሲመለስ ሻጩ አስቀድሞ የሚመለከተው ቍልፎቹን፣ ድምፅ ማውጫውንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ነው። ነገር ግን በዋጋቸው ዝቅ ባሉት መሣሪያዎች ላይ ከሌላው ቀድመው ከሚደክሙት ክፍሎች አንዱ፣ ከቍልፎቹ በስተግራ በኩል ገሚሱ ብቻ ወጥቶ የሚታየው፣ ከሻይ ብርጭቆ አፍ እምብዛም የማይሰፋው ትንሽ መዘውር ነው። ሙዚቀኞች «ፒች ቤንድ» ይሉታል፤ የድምፅ ማጠፊያ ቢባልም ተግባሩን ይገልጸዋል። ወደ ላይ ሲገፉት የሚሰማው ድምፅ ይቀጥናል፤ ወደ ታች ሲስቡት ይወፍራል፤ ጣት ሲነሣለት ደግሞ በውስጡ ያለው ሞላ ወደ መካከሉ ይመልሰውና ድምፁ ቀድሞ ከነበረበት ቦታ ይገኛል። ይህን መመለስ ያቃተው ዕለት ሌላው ክፍል ሁሉ ደኅና ቢሆንም እንኳ መሣሪያው በሙሉ ከቅኝት ወጥቷል ማለት ነው።

በብዙ አገር ይህ መዘውር አልፎ አልፎ የሚነካ ማጣፈጫ ነው። በጎንደር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት፤ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ቡርቧክስ የተባለው መንደር በአዝማሪ ትውልዱ የታወቀ ሲሆን፣ የሕዝቡም ጆሮ በማሲንቆ የተገራ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ በአንገቱም ላይ ድምፅን ከድምፅ የሚለይ ምልክት የሌለው በመሆኑ፣ የተጫዋቹ ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚያልፈው እየተንሸራተተ ነው። ስለዚህ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ ሲመታ፣ የዜማው ጣዕም ያለው በአምስቱ ድምፆች ላይ ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚወስደው መንሸራተት ላይ ጭምር ነው። ኪቦርድ ግን በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 የተወሰኑ ቍልፎች ብቻ አሉት፤ በሁለት ቍልፎች መካከል ወዳለው ስፍራ ለመግባት ያለው ዋነኛ በር ይኸው መዘውር ነው። ከበሮውንና አጃቢውን ድምፅ መሣሪያው ራሱ ስለሚመታለት፣ የሠርግ ቤቱ ሙዚቀኛ ቀኝ እጁ ዜማውን ሲጫወት ግራ እጁ ከመዘውሩ ላይ አይነሣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሩቅ አገር ያለው ፋብሪካ እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሮ በጥቂት ሳንቲም የሠራው ክፍል፣ እዚህ ሲደርስ የሥራውን ግማሽ ተሸካሚ ሆኖ ይገኛል። የጕዳዩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

መዘውሩ ራሱ የረጅም ዘመን ታሪክ የለውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 በአሜሪካ የወጣው ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ከቍልፎቹ በስተግራ ሁለት መዘውሮች ነበሩት፤ ድምፅ የሚያጥፈው መዘውር ግን የሚመልሰው ሞላ አልነበረውምና ተጫዋቹ በእጁ ይመልሰው ነበር። በ1983 ሚዲ የተባለው የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጋራ ደንብ ሲወጣ፣ የመዘውሩ ጕዞ እስከ 16,384 በሚደርሱ ደረጃዎች እንዲከፈልና መካከሉ 8,192ኛው ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ያማሃ ኩባንያም በዚያው ዓመት ዲኤክስ 7 የተባለውን ዝነኛ መሣሪያ ባለ መዘውር አድርጎ አወጣ። ኮርግ በመዘውር ፋንታ በአራት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ዘንግ፣ ሮላንድ ደግሞ ወደ ጐን የሚገፋ ማንሻ የመጠቀም ልማድ አላቸው። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በቀረጸው ካሴት ላይ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የአገሩን ዜማ ብቻውን ሲጫወት መሰማቱ፣ አንድ ሰው በቍልፍ መሣሪያ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ቀደም ብሎ አሳይቷል። በአገር ቤትም በዚያው ዘመን ብዙ የነሐስ መለከት ነፊዎች የነበሯቸው የሙዚቃ ጓዶች እየሳሱ ሄደው ኪቦርድ ስፍራቸውን ወሰደ። ዛሬ በደባርቅና በዳባት ዳስ የሚታየው ብቸኛ ሙዚቀኛ የዚሁ ለውጥ ወራሽ ነው።

የመዘውሩ ክፍል ሲፈታ በውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ነው። የፕላስቲክ መዘውር፣ መዘውሩ የሚዞርበት ዘንግ፣ ወደ መካከል የሚመልሰው ሞላ፣ በመጨረሻም የመዘውሩን አቀማመጥ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ፖቴንሾሜትር ናቸው። ይህ ፖቴንሾሜትር በአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ከሚገኘው ጋር አንድ ዐይነት ነው፤ ካርቦን በተቀባ ቅስት መንገድ ላይ ቀጭን የብረት ጣት እየታከከ ይሄዳል፤ ጣቱ ባለበት ስፍራ ልክ የኤሌክትሪኩ መጠን ይለያያል፤ መሣሪያውም ያን መጠን ለክቶ ድምፁን ያጥፋል።

በደኅና መሣሪያ ላይ መዘውሩ የራሱ የብረት ዘንግና የራሱ መደገፊያ አለው፤ ፖቴንሾሜትሩ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ተያይዞ የሚጠበቅበት መለካት ብቻ ነው፤ የሙዚቀኛውን የጣት ኀይል አይሸከምም። በርካሹ መሣሪያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ መዘውሩ በቀጥታ በፖቴንሾሜትሩ አንገት ላይ ተጭኖ ይገኛል። እንግዲህ ለመለካት የተሠራው ትንሽ ዕቃ ሸክምም ተጨምሮበታል፤ በተገፋና በተሳበ ቍጥር አንገቱ ይወዛወዛል፤ በጊዜ ብዛትም ይላላል። መዘውሩ በአንገቱ ላይ የሚገባበት አንድ ጐኑ ጠፍጣፋ የሆነ ቀዳዳ ከፕላስቲክ ስለ ሆነ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀም በኋላ መዘውሩ ሲዞር አንገቱ ባለበት ይቀራል። ሞላውም ቢሆን እግሮቹን ያስደገፈው በፕላስቲክ ጕድጓድ ላይ ነውና ብረት ፕላስቲክን እየበላ ጕድጓዱን ያሰፋዋል፤ መዘውሩም ከጥቂት ወራት በኋላ ሲለቀቅ ከመካከሉ አልፎ ወይም ሳይደርስ ይቆማል። ከዚህ ሌላ ወደ ዋናው ሰሌዳ የሚሄዱት ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚይዛቸው ነገር ሳይኖር ተበይደው የተተዉ ከሆነ፣ በመንገድ መንገጫገጭ ብቻ ይበጠሳሉ።

የዕድሜውን ጕዳይ በቍጥር ማየት ለነጋዴ ይጠቅማል። ለሬዲዮና ለመሳሰለው የሚሠራ ተራ የካርቦን ፖቴንሾሜትር ሠሪው ብዙውን ጊዜ ኀላፊነት የሚወስድለት ለ10,000 ወይም ለ15,000 ያህል ምልልስ ነው። ሬዲዮ የሚከፍት ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቢነካው ይህ የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው። በአንድ የሠርግ ሌሊት መዘውሩን 500 ጊዜ የሚያመላልስ ሙዚቀኛ ግን 10,000ውን በ20 ሌሊት፣ 15,000ውን በ30 ሌሊት ይጨርሰዋል። ይህ ማለት በ21ኛው ሌሊት ይሰበራል ማለት አይደለም፤ ሠሪው «እስከዚህ ድረስ» ካለው ወሰን በአንድ የሠርግ ወራት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ለዘወትር መመላለስ ታስበው የሚሠሩ፣ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚቈዩ ፖቴንሾሜትሮችም አሉ፤ በዋጋቸው ከፍ ባሉ አንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ብረት ከካርቦን ጋር ሳይነካካ በማግኔት ብቻ የሚለካ ክፍል ይገባል፤ የሚታከክ ነገር ስለሌለ የሚያልቅም መንገድ የለውም።

የፖቴንሾሜትሩ መንገድ ሲያልቅ ምልክቱ በሬዲዮ ላይ እንደሚሰማው መንኰሻኰሽ አይደለምና ብዙ ሻጮች ሳያውቁት ያልፋሉ። በኪቦርድ ላይ የሚሰማው ድምፁ በለስላሳ መንሸራተት ፋንታ ከቦታ ወደ ቦታ መዝለሉ ነው። ከመካከል መውጣቱም ቢሆን ጥቂት የሚመስለው ነገር ብዙ ነው። አብዛኛው መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ መዘውሩ እስከ ጫፍ ሲገፋ ድምፁን በሁለት ግማሽ ድምፆች እንዲያጥፍ ተደርጎ ነው። መዘውሩ ሲለቀቅ ከሙሉ ጕዞው 5 በመቶ ያህል ከመካከሉ ፈቀቅ ብሎ ቢቆም፣ እያንዳንዱ ድምፅ የግማሽ ድምፅን አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳታል፤ ይህም ሙዚቃ ባልተማረ ሰው ጆሮ ዘንድ እንኳ ሳይታወቅ የሚያልፍ አይደለም። ሙዚቀኛው ረጅም መንሸራተት ፈልጎ መዘውሩ 12 ግማሽ ድምፆች እንዲያጥፍ አድርጎት እንደ ሆነ ደግሞ ያው 5 በመቶ ስሕተት ስድስት እጥፍ ሆኖ ከአንድ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ያልፋል። ዘፋኙ በአንድ ቅኝት፣ ኪቦርዱ በሌላ ይሄዳሉ።

ፋብሪካዎች ይህን ድካም የሚሸፍኑበት አንድ ዘዴ አላቸው። መዘውሩ በመካከሉ ግራና ቀኝ ጥቂት ቢንቀሳቀስ መሣሪያው እንዳላየ ሆኖ እንዲያልፈው ያዙታል። ዘዴው ለደከመ ሞላ መሸሸጊያ ይሆናል፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ ሲሰፋ የአገራችንን ዜማ ይጐዳል፤ ማሲንቆን አስመስሎ የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ድምፁን በመካከሉ ዙሪያ በጥቂቱ ማንቀጥቀጥ ነውና፣ በዚያ ስፍራ መዘውሩ ቢነካም ምንም አይሰማም፤ ከዚያ ካለፈ በኋላ ደግሞ ድምፁ በድንገት ይነሣል። አንዳንዱ ርካሽ መሣሪያም የሚዲ ደንብ የፈቀደውን 16,384 ደረጃ ትቶ መዘውሩን የሚያነበው በ128 ደረጃዎች ብቻ ነው። በሁለት ግማሽ ድምፅ ስፋት ይህ ብዙም አይታወቅ ይሆናል፤ ስፋቱ ወደ 12 ሲወጣ ግን እያንዳንዱ ደረጃ የግማሽ ድምፅን አንድ አምስተኛ ሊደርስ ምንም ያህል ስለማይቀረው፣ መንሸራተት የነበረው ነገር ደረጃ እንደ መውጣት ሆኖ ይሰማል።

በዚህ ሁሉ ላይ የአገሩ ጠባይ ይጨመራል። በጎንደርና በአካባቢዋ የሠርጉ ወራት የበጋ ወራት ነው፤ የበጋ ወራት ደግሞ የአቧራ ወራት ነው። መዘውሩ የሚወጣበት ስንጥቅ በመሣሪያው ፊት ላይ ዘወትር ክፍት ሆኖ የሚኖር አፍ ስለ ሆነ፣ በዳስ ውስጥ ከእስክስታው የሚነሣው አቧራ ሁሉ በዚያ ይገባል፤ ከካርቦኑ ጋር ተቀላቅሎም እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ ሌሊቱ ብርቱ ነው፤ በብርድ ጊዜ ፕላስቲክ ይጠነክራል፣ በቀላሉም ይሰነጠቃል፤ ፋብሪካው ያገባው ቅባትም ይረጋል። ኪቦርዱ ወደ ሠርጉ የሚጓዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጠንካራ ሣጥን ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት ወይም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያና በአይሱዙ ጭነት ላይ ነው። ከመሣሪያው ገጽ ጐልቶ የወጣው መዘውር በዚያ ጭነት ውስጥ የመጀመሪያውን ምት ይቀበላል። የመብራት መጥፋትና መመለስም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዳንድ መሣሪያዎች መብራት በመጣ ቍጥር መዘውሩ ያለበትን ስፍራ እንደ መካከል አድርገው ስለሚቀበሉ፣ በዚያች ቅጽበት የሙዚቀኛው ጣት በመዘውሩ ላይ ካለ መሣሪያው ከቅኝት ወጥቶ ይነሣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አጥፍቶ ማብራት ብቻ ያድነዋል፤ ሻጩ ይህን ለገዢው አስቀድሞ ቢነግረው ብዙ ክርክር ይቀራል።

ስለ ጥገናውም አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። መዘውሩ ሲላላ ሱፐር ግሉ ማፍሰስ፣ ሲጠነክርም የምግብ ዘይት ወይም የስፌት መኪና ዘይት ማንጠባጠብ የተለመደ ጥፋት ነው። ማጣበቂያው ወደ ፖቴንሾሜትሩ አንገት ሰርጎ ከገባ ክፍሉን በሙሉ ያደርቀዋል፤ ዘይቱም ከአቧራ ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል። የተሻለው መንገድ ክፍሉን በካቻቢቴ ፈትቶ ፖቴንሾሜትሩን መለወጥ ነው። በኤሌክትሪክ በኩል ዕቃው ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ 10,000 ኦም የሆነ ተራ ዐይነት ነው። አስቸጋሪው ቅርጹ ነው። የአንገቱ ርዝመት፣ የጠፍጣፋው ጐን አቅጣጫና የሚዞርበት መጠን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ስለሚለያዩ፣ ጎንደር ያለው ጎበዝ ሬዲዮ ጠጋኝ ሥራውን እያወቀ ዕቃው በማጣት ብቻ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሙዚቀኛውም ከአንድ የምሳ ዋጋ ለማይበልጥ ቍራጭ ሲል በብዙ ሺህ ብር የገዛውን መሣሪያ ይጥላል ወይም በርካሽ ይሸጣል።

ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጕድለት ነጻ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጕድለት ወዲያው ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የጎንደር ባለ ሱቅ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ይገኛል። ለሙዚቀኛው ሻጭ ነው፤ ለአዲስ አበባው ጅምላ ሻጭ ግን ገዢ ነው። በኅዳር ወር ያስመጣውን ኪቦርድ ካርቶኑን ሳይከፍት በመጋዘን አኑሮ በጥር ሲሸጠው፣ ጕድለቱ የሚገለጠው በሦስተኛው ሠርግ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወደ ጅምላ ሻጩ ቢመለስ «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» መባሉ አይቀርም። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ የተከሠተው ግጭት የጭነቱን ጕዞ ማወኩ ሲታሰብ፣ አንድ ኪቦርድ መልሶ መላክ ከዕቃው ትርፍ የበለጠ ወጪ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑን ዕቃው በደረሰበት ዕለት መክፈት ለባለ ሱቁ ትርፍ ድካም ሳይሆን መብቱን መጠበቂያ ነው።

ምርመራው የሙዚቃ ዕውቀት አይጠይቅም። የኦርጋን ድምፅ ተመርጦ አንድ ቍልፍ ተይዞ ይቆያል፤ የኦርጋን ድምፅ የሚመረጠው እየሞተ ስለማይሄድ ነው። በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚጫን የቃና መለኪያ አጠገቡ ይቀመጥና መዘውሩ 20 ጊዜ ወደ ላይ፣ 20 ጊዜ ወደ ታች እየተገፋ በድንገት ይለቀቃል። በእያንዳንዱ ጊዜ መለኪያው ከመነሻው ስፍራ ካልተመለሰ ሞላው ወይም ጕድጓዱ ከአሁኑ ደካማ ነው። ቀጥሎ መዘውሩ እጅግ በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል፤ ድምፁ ከዘለለ ፖቴንሾሜትሩ ጕድለት አለበት። በጣት ወደ ጐን ሲነቀነቅ የሚላላ መዘውር በራሱ ዘንግ ላይ ሳይሆን በፖቴንሾሜትሩ አንገት ላይ የተሰቀለ ስለ መሆኑ መጠርጠር ይገባል። በተቃራኒውም ሙዚቀኛው «ተበላሽ» ብሎ ያመጣው ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የማጠፊያው ስፋት ሳይታወቅ ወደ 12 ተለውጦ፣ ወይም የመሣሪያው ቅኝት በሌላ ቍልፍ ተዛውሮ የተመለሰ ዕቃ ብዙ ነውና፣ ገንዘብ ከመመለሱ በፊት መሣሪያው ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ ተመልሶ ቢሞከር ይበጃል።

ለአስመጪው ግን ምርመራው የሚጀመረው ዕቃው ከመርከብ ከመጫኑ በፊት ነው። ሁሉ ርካሽ ኪቦርድ መዘውር የለውም፤ ለምሳሌ ያማሃ ፒኤስአር ኢ373 መዘውር ሳይኖረው የወጣ ሲሆን፣ በዚያው ቤተሰብ ከእርሱ ከፍ ያለው ኢ473 ባለ መዘውር ነው። ሁለቱን በመልክ የማይለይ ባለ ሱቅ ዋጋውን አይቶ የመጀመሪያውን ቢያዝ፣ ዕቃው በሥራው የሚመሰገን ሆኖ ሳለ የጎንደር ሙዚቀኛ አይነካውም። ስማቸው ያልታወቀ ፋብሪካዎች በሚያቀርቡት ዕቃ ላይ ደግሞ መዘውሩ ሥዕሉ ላይ መታየቱ አይበቃም። አንድ ናሙና አስመጥቶ ማስፈታት፣ መዘውሩ የራሱ መደገፊያ ያለው መሆኑንና ሽቦዎቹ መያዣ ያላቸው መሆኑን ማየት፣ ከዚያም በሥራ ላይ ላለ ሙዚቀኛ ለአንድ ወር መስጠት፣ ሙሉ ኮንቴይነር አስገብቶ ከመጸጸት እጅግ ርካሽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ መውጣቱን ያየ አስመጪ፣ ለማይቈይ ዕቃ ዶላር ማውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ነጋሪ አያሻውም።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የመለዋወጫው ጕዳይ ነው። ፋብሪካው የመዘውሩን ክፍል ከነሞላውና ከነፖቴንሾሜትሩ በአንድነት ነቅሎ ሊሸጠው ይችላል፤ ብዙ አስመጪዎች ግን አይጠይቁትም። በዓለም የጉምሩክ ዕቃ አመዳደብ መሠረት ኪቦርዱ ራሱ በ9207.10 ሲመደብ፣ ለኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ የተሠሩ ክፍሎች የሚገቡት በ9209.94 ነው፤ ፖቴንሾሜትሩ ለብቻው ሲመጣ በ8533.40፣ የብረት ሞላውም ለብቻው ሲሆን በ73.20 ሥር ይታያል። ትራንዚተሩ ይህን ለይቶ ካላቀረበ መለዋወጫው ከሙሉ ዕቃው ጋር ተደባልቆ ይቀረጥና በኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል። እንግዲህ ፕሮፎርማው ሲጠየቅ ከመቶ ኪቦርድ ጋር አሥር ሙሉ የመዘውር ክፍል፣ ሃያ ፖቴንሾሜትርና ሃያ ሞላ በየራሳቸው መስመር፣ በየራሳቸው ዋጋ እንዲሰፍሩ ማድረግ ይቻላል። ለጥር የሚፈለግ ዕቃ ጅቡቲ ደርሶ፣ በሞጆ ወይም በቃሊቲ ጉምሩክ አልፎ፣ ጎንደር አራዳ እስኪገባ ወራት ስለሚወስድ፣ ይህ ጥያቄ ለፋብሪካው መድረስ ያለበት ክረምቱ ሳይወጣ ነው።